ዳገት ላይ የሚፈላ ሞተር

ቴፒ ከባሕር ጠለል በላይ 1,200 ሜትር ገደማ ላይ ትገኛለች። ቡና ጭኖ፣ ተሳቢ አስከትሎ ከዚያ የተነሳ መኪና ብዙም ሳይርቅ የሸኮን ዳገት ይያያዘዋል። ሸኮን አልፎ 1,450 ሜትር አካባቢ ወዳለችው ሚዛን ተፈሪ ይወርዳል። ከሚዛን ተነስቶ የሻይ ተክል ወደለበሰው ውሽውሽ ይወጣል፤ ቦንጋን አልፎ ጎጀብ ይወርድና ጅማን ለመያዝ እንደገና ሽቅብ ይላል። ከባዱ ግን ገና ነው። ከአባልቲ ቁልቁል ወርዶ 1,100 ሜትር አካባቢ ያለውን የጊቤን ድልድይ ሲሻገር፣ በዚያ በረሃማ ሙቀት፣ ወልቂጤ እስኪደርስ 800 ሜትር ያህል መውጣት ይጠብቀዋል።

የናፍጣ ሞተር ማቀዝቀዣ ጤንነት የሚለየው እዚህ ነው። ጭነት ሳይኖረው ከሚዛን እስከ ቦንጋ ያለ ምንም ችግር የተመላለሰ መኪና ተሳቢ ሲቀጠልበት ይፈላል። ባለንብረቱም "ተሳቢው ገደለው" ይላል። ተሳቢው ግን አብዛኛውን ጊዜ የሚያደርገው ለወራት ተደብቆ የኖረውን ጉድለት ማጋለጥ ነው።

ሥራውን በቁጥር እንየው። መኪናውና ተሳቢው ከነጭነታቸው 40 ቶን ቢመዝኑና 6 በመቶ ዳገት በሰዓት 20 ኪሎ ሜትር ቢወጡ፣ ጎማው ላይ መድረስ ያለበት ጉልበት 150 ኪሎ ዋት ያህል ነው፤ ወደ 200 የፈረስ ጉልበት መሆኑ ነው። ከናፍጣው ከሚወጣው ኃይል ወደ ሥራ የሚለወጠው ሲሶው ወይም ከዚያ ትንሽ ቢበልጥ ነው። የቀረው ሙቀት ነው፤ ከፊሉ በጭስ ማውጫው ይወጣል፣ ከፊሉን ውሃው ተሸክሞ ወደ ራዲያተር ያደርሰዋል። በዚህ ዳገት ላይ ራዲያተሩ አየር ላይ መበተን ያለበት ሙቀት በግምት 100 ኪሎ ዋት ይደርሳል። ወደ 30 የሚጠጉ የኤሌክትሪክ ምጣዶች ባንድ ጊዜ ቢጣዱ የሚሰጡት ሙቀት ማለት ነው፤ ይህ ሁሉ ከአንድ በር በማይበልጥ ራዲያተር በኩል ያልፋል።

ዳገቱ ደግሞ በሌላም በኩል ይጨክናል። ሜዳ ላይ በሰዓት 70 ኪሎ ሜትር ሲሄዱ ነፋሱ ራሱ ራዲያተሩን ያቀዘቅዛል። ዳገት ላይ መኪናው ሲያዘግም ያ ነፋስ የለም፤ ያለው ቬንትሌተሩ የሚስበው አየር ብቻ ነው። ከፍታው በጨመረ ቁጥር አየሩም ይሳሳል፤ አዲስ አበባ ላይ ያለው አየር ከባሕር ጠረፍ አየር በሩብ ገደማ የሳሳ ነው። ስለዚህ ከፍተኛው ሥራ፣ ዝቅተኛው ፍጥነትና የሳሳው አየር አንድ ላይ ይገጥማሉ።

ከሁሉ አስቀድሞ "ሞቀ" እና "ፈላ" መለየት አለባቸው። ውሃ በ100 ዲግሪ የሚፈላው በባሕር ጠለል ላይ ነው። ሚዛን ላይ በ95፣ ጅማ ላይ በ94፣ አዲስ አበባ ላይ በ92 ዲግሪ አካባቢ ይፈላል። የናፍጣ ሞተር ደግሞ በጤናው ሲሠራ ከ80 እስከ 95 ዲግሪ ነው። ታዲያ እንዴት አይፈላም? የራዲያተሩ ክዳን ነው የሚያድነው። ክዳኑ ላይ 0.9 ተብሎ የተጻፈው ቁጥር ክዳኑ ምን ያህል ግፊት አፍኖ እንደሚይዝ ይናገራል፤ በዚያ ግፊት ውስጥ ውሃው ከ110 ዲግሪ በላይ ካልሞቀ አይፈላም። የክዳኑ ጎማ ከተሰነጠቀ ወይም ስፕሪንጉ ከላላ፣ ምንም ሕመም የሌለበት ሞተር ዳገት ላይ ውሃውን አፍልቶ ይተፋል። ከዚያ ውሃ ያንሳል፣ ውሃ ሲያንስ በእርግጥ ይሞቃል። ሞተር ከማውረድ በፊት ክዳን መለወጥ ይገባል የምለው ለዚህ ነው። ከሙሉ እድሳት ዋጋ ጋር ሲተያይ የክዳን ዋጋ ከምንም አይቆጠርም።

ልምድ ያለው መካኒክ መፍቻ ከማንሳቱ በፊት ሾፌሩን ይጠይቃል። "መቼ ነው ሙቀት የሚያመጣብህ?" መልሱ ግማሽ ምርመራ ነው። ቆሞ ሲሠራ ወይም ሲያዘግም ብቻ ከሞቀ ጥርጣሬው ወደ አየሩ ይሄዳል፦ የላላ ቺንጋ፣ የማይነክስ የቬንትሌተር ክላች፣ ተሰብሮ የተጣለ የቬንትሌተር መከለያ። ይህ ዙሪያውን የሚሸፍነው ፕላስቲክ ለጌጥ የተሠራ አይደለም፤ እሱ ከሌለ ቬንትሌተሩ ራዲያተሩን አቋርጦ አየር በመሳብ ፋንታ ከጎን ያለውን አየር ያንኑ መልሶ ያዞራል። ሜዳ ላይ በፍጥነት ሲሄድ ከሞቀ ውሃው በበቂ አይዞርም ማለት ነው፦ ውስጡ የተደፈነ ራዲያተር፣ በሙሉ የማይከፈት ቴርሞስታት፣ ክንፉ የተበላ የውሃ ፖምፓ። ጠዋት ተነስቶ ጥቂት ደቂቃ ሳይሄድ ከሞቀ፣ ውሃውንም ወደ ውጭ ከገፋ፣ ነገሩ ወደ ቴስታታ ጋርኒሲዮን፣ በሲሊንደሮቹ አናትና በሞተሩ አካል መካከል ወዳለው ማሸጊያ፣ ያዘነብላል።

ጌጁንም ማመን በልክ ነው። የሙቀት መለኪያው ጫፍ ውሃ ውስጥ መነከር አለበት። ውሃው ፈስሶ ካለቀ ጫፉ ባዶ ላይ ይቀርና መርፌው ወደ ታች ሊወርድ ይችላል። ሲወጣ የነበረ መርፌ ዳገት ላይ ድንገት ከወረደ ሾፌሩ ተመስገን ማለት የለበትም፤ ዳር ይዞ መቆም አለበት።

ከዚያ እጅ ይሠራል። በማለዳ፣ ሞተሩ አድሮ ቀዝቅዞ ሳለ፣ ከላይ ወደ ራዲያተሩ የሚገባውን ወፍራም ጎማ፣ ማኒኮቶውን፣ ጨበጥ ማድረግ ነው። ለስላሳ ሊሆን ይገባል። አድሮም ድርቅ ያለ ከሆነ በሲሊንደሩ ውስጥ የተቃጠለ ጋዝ ወደ ውሃው እየገባ ነው፤ ጋርኒሲዮኑ ተበልቷል ወይም ቴስታታው ተሰንጥቋል። በተቃራኒው ሞተሩ በደንብ ከሠራ በኋላ ጎማው ከላላ ግፊት የለም፤ ወደ ክዳኑ ወይም ወደ ሌላ ማፍሰሻ መሄድ ነው። ሞተሩ ሲነዳ የታችኛው ጎማ ወደ ውስጥ ከተጨመደደ ደግሞ ፖምፓው ይስባል፣ ራዲያተሩ ግን አይሰጠውም፤ ውስጡ ተደፍኗል። ቤንዚን ማደያ ላይ ቆሞ ለሚጠብቅ ሾፌር እንኳ ይህ ሁሉ ምንም መሣሪያ አይፈልግም።

የሸኮና የሚዛን አካባቢ የራሱ የሆነ ጠላት አለው፤ ጭቃ። ዝናቡ ብዙ ነው፤ ከበበቃና ከቴፒ የቡና እርሻዎች የሚወጡት መንገዶች ጭቃ ይረጫሉ፣ በበጋ ደግሞ አቧራ ያበላሉ። ቱርቦ ባላቸው መኪኖች ከራዲያተሩ ፊት ኢንተርኩለር ተደርቧል። ከፊት ያየ ሰው ኢንተርኩለሩ ንጹሕ ነው ብሎ ይሄዳል። ቆሻሻው ያለው ግን በሁለቱ መካከል ነው፤ የሞተር ዘይት ሽታ ያለው ጭቃ፣ የሣር ፍሬ፣ የነፍሳት ክንፍ ተጣብቆ እንደ ሰሌን ደርቋል። ፊት ለፊት በኃይለኛ ውሃ ማጠብ ይበልጥ ወደ ውስጥ ይጠቀጥቀዋል፤ ስስ ክንፎቹንም ያጣጥፋቸዋል። ኢንተርኩለሩን አላቅቆ፣ ራዲያተሩን ከሞተሩ በኩል ወደ ውጭ፣ በልከኛ ግፊት ማጠብ ነው ደንቡ። ለቡና ወቅት ከሚደረጉት ዝግጅቶች ሁሉ ከዚህ የሚበልጥ ጥቅም ያለው አላውቅም።

አሁን ወደ አንድ በጣም ወደሚያሳዝነኝ ልማድ እንምጣ። መኪና ሞቀ ሲባል በብዙ ቦታ የመጀመሪያው ሕክምና ቴርሞስታቱን አውጥቶ መጣል ነው። "አገሩ ሙቅ ነው፣ አያስፈልግም" ይባላል። ቴርሞስታት ሞተሩ ሲቀዘቅዝ ውሃውን ሞተሩ ውስጥ ብቻ የሚያዞር፣ ሲሞቅ ወደ ራዲያተር የሚለቅ በር ነው። በብዙ የናፍጣ ሞተሮች ግን ሁለተኛ ሥራም አለው፦ ወደ ራዲያተር የሚወስደውን መንገድ ሲከፍት አቋራጩን መንገድ ይዘጋል። እሱን ያወጣ ሰው አቋራጩን ለዘለዓለም ከፍቶ ተወው ማለት ነው። ከውሃው ከፊሉ ራዲያተሩን ሳያይ ወደ ሞተሩ ይመለሳል፤ ሜዳ ላይ ሞተሩ ከልክ በላይ ይቀዘቅዛል፣ ናፍጣ ይበላል፣ የፒስተኑን ፋሻና የሲሊንደሩን ካሚቻ ይጨርሳል፤ ዳገት ላይ ደግሞ ያው ሞተር ይሞቃል። ቴርሞስታትን መፈተን ቀላል ነው። ውሃ ውስጥ አንጠልጥሎ መጣድ፣ የሙቀት መለኪያ መጨመር፣ በላዩ ላይ በተጻፈው ዲግሪ መከፈት መጀመሩንና ከዚያ ከ10 እስከ 15 ዲግሪ ሲጨምር በሙሉ መከፈቱን ማየት ነው። ካልተከፈተ በአዲስ ይለወጣል። ቤቱ ግን ባዶውን አይተውም።

ተሳቢው ራሱ ጥፋተኛ የሚሆንበትም ጊዜ አለ። የአየር ፍሬኑ በደንብ ካልለቀቀ ሞተሩ ጭነቱን ብቻ ሳይሆን የገዛ ፍሬኑን እየጎተተ ነው የሚወጣው። መኪናው ከሜዳ ጉዞ በኋላ፣ ፍሬን ብዙ ሳይነካ ሲቆም፣ እጅን ወደ እያንዳንዱ የጎማ ማዕከል ማስጠጋት ነው፤ ሳይነኩት። አንዱ ከሌሎቹ ተለይቶ ከፋመ ምክንያቱ ተገኘ። ነፋሱ የጎደለ ጎማም እንዲሁ ይጎትታል። የተደፈነ የአየር ማጣሪያና ተጨማሪ ጉልበት እንዲሰጥ ተብሎ ከልኩ በላይ የተከፈተ የናፍጣ ፖምፓም ጥቁር ጭስ እያወጡ ሙቀት ይጨምራሉ። አንዳንድ ባለንብረት ጉልበት ፈልጎ ፖምፓውን ያስከፍትና ወር ሳይሞላው ራዲያተር ይወቅሳል።

ጋርኒሲዮን ተጠርጥሮ ከሆነ ምልክቶቹ ብዙ ናቸው፦ ራዲያተሩ ውስጥ የማያቋርጥ አረፋ፣ በዘይት ሊቤሎው ላይ ወተት የመሰለ ቅባት፣ ሞተሩ ከሞቀ በኋላም የማይጠፋ ነጭ ጭስ፣ የት እንደገባ ሳይታወቅ የሚጎድል ውሃ። አንዳንዱ ስንጥቅ የሚከፈተው ጭነት ላይ ብቻ ስለሆነ ጋራዥ ውስጥ በባዶ ሞተር ተፈትኖ "ደህና ነው" ሊባል ይችላል። የሲኖትራኩ ደብልዩ ዲ 615 ሞተር ለእያንዳንዱ ሲሊንደር የየራሱ ቴስታታ አለው፤ ስለዚህ ጥፋተኛውን ሲሊንደር ለይቶ እሱን ብቻ ማውረድ ይቻላል። ቴስታታው ለስድስቱም አንድ በሆነበት ሞተር ግን አንድ ጊዜ በኃይል መሞቅ ቴስታታውን ሊያጣምመው ይችላል፤ ሳይለካ አዲስ ጋርኒሲዮን ቢገጠምለት ተመልሶ ይበላዋል።

ስለ ውሃውም ልናገር። ከወንዝ በጀሪካን የተቀዳ ውሃ ደለልና ማዕድን ይዞ ይገባል፤ ማዕድኑ በሙቀቱ ብረቱ ላይ ይጋገራል፣ ሙቀትም አያስተላልፍም። ኩላንት የበረዶ አገር ዕቃ ነው የሚባለውም ትክክል አይደለም። የናፍጣ ሞተር ካሚቻ ሲሠራ ይንቀጠቀጣል፤ በውሃው በኩል ጥቃቅን የእንፋሎት አረፋዎች እየፈጠረ፣ አረፋዎቹም ሲፈነዱ ብረቱን እየቦረቦሩ በመጨረሻ ይበሱታል። ይህን የሚከላከለው ኩላንቱ ውስጥ ያለው ኬሚካል ነው፤ ዝገትንም ይከላከላል፣ የመፍያ ዲግሪውንም ከፍ ያደርጋል። ኩላንቱን ለማቅጠን ደግሞ የሸኮ ሰው የታደለ ነው፤ ጣሪያው ከታጠበ በኋላ በንጹሕ ዕቃ የተጠራቀመ የዝናብ ውሃ ማዕድን የለውም ለማለት ይቻላል።

መንገድ ላይ ሲሞቅስ? መጀመሪያ ማርሽ መቀነስና ከነዳጁ ላይ እግር ማቅለል ነው። በዝቅተኛ ማርሽ ሞተሩ ዙሩ ይጨምራል፤ የውሃ ፖምፓውና ቬንትሌተሩም አብረው ይፈጥናሉ። በከፍተኛ ማርሽ እያጓራ እንዲወጣ ማስገደድ ሙቀቱን ያባብሳል። የጋቢናውን ማሞቂያ መክፈትም ጥቂት ሙቀት ይወስዳል። መርፌው አሁንም ከወጣ ዳር ይዞ መቆም፣ ውሃ ካልፈሰሰ ሞተሩን ሳያጠፉ ለጥቂት ደቂቃ ከፍ ባለ ዙር ማሠራት ነው፤ ውሃ ከፈሰሰ ግን ወዲያው ማጥፋት። ክዳኑን መክፈት ክልክል ነው። ግፊቱ ሲለቀቅ ከ100 ዲግሪ በላይ ያለው ውሃ ባንድ ጊዜ እንፋሎት ሆኖ ፊት ላይ ይፈነዳል፤ የረዳቶችን ፊትና እጅ የሚያቃጥለው ይህ ነው። ቢያንስ ግማሽ ሰዓት መጠበቅ፣ ከዚያ ክዳኑን በጨርቅ ይዞ በትንሽ በትንሹ ማላላት ያስፈልጋል። የጋለ ቴስታታ ላይ ቀዝቃዛ የወንዝ ውሃ መድፋት ብረቱን ይሰነጥቀዋል፤ ውሃ የሚጨመረው ሞተሩ ከበረደ በኋላ፣ ቀስ እያለ ነው።

ባለንብረቶችንም አንድ ነገር እለምናለሁ። ሾፌር "ሙቀት እያመጣ ነው" ብሎ ሲደውል "እንደምንም አድርስልኝ" አትበሉት። ሾፌሮችና ረዳቶች ደግሞ፦ ዳገት ላይ ቆማችሁ ለጎማ ታኮ ያደረጋችሁትን ድንጋይ ስትነሱ ከአስፋልቱ ላይ አንሱት፤ ማታ ከኋላ የሚመጣው አያየውም።