በላም ግት ውስጥ ስለሚሠወር ሕመም

በአቃቂ ላም አርብተው ወተት የሚሸጡ ቤተሰቦች ጥቂቶች አይደሉም። ይሁን እንጂ ላሚቱ ጤነኛ መስላ፣ ግቷ ሳያብጥ፣ የወተቷም መልክ ሳይለወጥ ሕመም ሊሠወርባት ይችላል። ዋነኞቹ ምክንያቶች ስታፊሎኮከስ ኦሬየስና ስትሬፕቶኮከስ አጋላክቲዬ የሚባሉ ባክቴሪያዎች ሲሆኑ፣ ከላም ወደ ላም የሚሻገሩት በአላቢው እጅና በመጥረጊያው ጨርቅ ነው። ሕመሙን እ.ኤ.አ. በ1957 በካሊፎርኒያ በወጣው ምርመራ ለመለየት ይቻላል፤ መመርመሪያው ፈሳሽ ሲጨመርበት የታመመው ግት ወተት ይዝለገለጋል።

ወተትን ማፍላት ባክቴሪያዎቹን ይገድላል፤ ነገር ግን ስታፊሎኮከስ በቆየ ወተት ውስጥ ተራብቶ የሚተወው መርዝ በመፍላት አይጠፋም። ስለዚህ ወተቱ እንደ ታለበ ሳይውል ሳያድር እንዲፈላ፣ አላቢውም ከእያንዳንዲቱ ላም በፊት እጁን በሳሙና እንዲታጠብ፣ ለእያንዳንዲቱም የተለየ ንጹሕ ጨርቅ እንዲይዝ፣ የታመመችው በመጨረሻ እንድትታለብ እናሳስባለን። መምህራንም ይህን ለተማሪዎቻቸው እንዲያስረዱልን እንለምናለን።