ከሕዳሴ ግድብ በኋላ፦ የሲቪል ምሕንድስና ሙያ በኢትዮጵያ

ታላቁ የኢትዮጵያ ሕዳሴ ግድብ ጳጉሜን 4 ቀን 2017 ዓ.ም. ሲመረቅ ስለ ውሃው፣ ስለ ሜጋዋቱና ስለ ዲፕሎማሲው ብዙ ተባለ። ስለ ሙያው የተነገረው ግን ጥቂት ነው። 145 ሜትር ከፍ ያለ የኮንክሪት ግድብ፣ ከጎኑም ከ5 ኪሎ ሜትር በላይ የሚረዝም የኮርቻ ግድብ ያቆመች አገር የሲቪል ምሕንድስናዋ የት ደረሰ? ጥያቄው መነሳት ያለበት አሁን ነው።

የባለሙያ ቁጥር አላነሰንም። በ1940ዎቹ በአንድ የምሕንድስና ኮሌጅ የተጀመረው ትምህርት ዛሬ በየክልሉ ይሰጣል። ከ2000 ዓ.ም. ገደማ ጀምሮ 70 በመቶው የዩኒቨርሲቲ ተማሪ ወደ ሳይንስና ቴክኖሎጂ እንዲገባ ሲወሰን የሲቪል ምሕንድስና ክፍሎች በአንድ ጊዜ በዙ፤ ላቦራቶሪውና ሳይት ላይ የዋለ መምህር ግን በዚያው ፍጥነት አልተገኘም። ብዙ ተመራቂ የአርማታ ናሙና በእጁ ሳይሰብር ዲግሪ ይዟል። ሥራም አልጠፋም፤ በ1989 ዓ.ም. የተጀመረው የመንገድ ዘርፍ ልማት ፕሮግራም የአገሪቱን መንገድ በብዙ እጥፍ አሳድጓል፤ የኮንዶሚኒየም ግንባታም ብዙ አነስተኛ ተቋራጮችን አፍርቷል። በከተማ ሕንፃዎች ላይ ያለው ትልቁ ነውር ግን ፈቃድ ማከራየት ነው፤ ስሙ በወረቀት ላይ የሰፈረው መሐንዲስ ሳይቱን የማያውቅበት ጊዜ አለ። ሲሚንቶ ሲወደድና ብረት ሲጠፋ ደግሞ ዝቅተኛ ዋጋ ሰጥቶ ጨረታ ያሸነፈው ተቋራጭ ሥራውን ይጥላል።

ከዚህ ሁሉ በላይ ሊያከራክረን የሚገባው ግን ዲዛይኑ የማን ነው የሚለው ነው። ከትልልቆቹ የኃይል ማመንጫዎች ብዙዎቹ የተሠሩት ዲዛይኑን፣ ግዥውንና ግንባታውን በአንድ ውል ጠቅልሎ ለአንድ ተቋራጭ በመስጠት ነው። ግልገል ጊቤ 2 እና ሕዳሴ ያለ ጨረታ ለጣሊያኑ ሳሊኒ ተሰጡ። አሠራሩ ጊዜ ይቆጥባል፤ የአገሬውን መሐንዲስ ግን ከስሌቱ አውጥቶ በተቆጣጣሪነት ያስቀረዋል። ዋጋው በግልገል ጊቤ 2 ታይቷል። በ26 ኪሎ ሜትሩ ዋሻ ቆፋሪው ማሽን ያልተጠበቀ ልል አፈር ገጥሞት ለረጅም ጊዜ ቆመ። ፕሮጀክቱ ጥር 2002 ዓ.ም. ተመርቆ ሁለት ሳምንት ገደማ ሲሆነው የዋሻው አንድ ክፍል ተደረመሰ፤ ጥገናውም ወራት ፈጀ። ተቋራጩ ቀድሞ ሊታወቅ የማይችል የመሬት ሁኔታ ነው አለ፤ ተቺዎች ደግሞ ጥናቱ በቂ አልነበረም አሉ። የአገር መሐንዲሶች የሥነ ምድር ጥናቱን በራሳቸው የመመርመር አቅምና ሥልጣን ቢኖራቸው ክርክሩ ቁፋሮው ሳይጀመር በተደረገ ነበር።

ሆኖም የአገሬው መሐንዲስ ሚና ትንሽ ነበር ማለቴ አይደለም። በግልገል ጊቤ ፕሮጀክቶች ልምድ ያካበቱት ኢንጂነር ስመኘው በቀለ ሐምሌ 19 ቀን 2010 ዓ.ም. መስቀል አደባባይ በመኪናቸው ውስጥ ሞተው እስከተገኙበት ቀን ድረስ የሕዳሴው ሥራ አስኪያጅ ነበሩ። ሕዝቡ አንድን መሐንዲስ በስሙ አውቆ ሲያለቅስ ያየሁት ያኔ ነው፤ ለሙያውም የተከፈለ ትልቅ ክብር ነበር። ከእሳቸው ጋር የዋሉ ወጣቶች ግድቡ ባለበት በጉባ ሙቀት አርማታ ሳይሰነጠቅ እንዴት እንደሚፈስ፣ የመሠረት ዐለት እንዴት እንደሚታከም በሥራ ላይ ተምረዋል። ይህ እውቀት በየመጽሐፉ አይገኝም። ካልተጻፈ ባለቤቶቹ ሥራ ሲለውጡና ጡረታ ሲወጡ አብሮ ይሄዳል።

በኦሞ ወንዝ ላይ የኮይሻ ግድብ ሕዳሴን በሠራው በዚያው የጣሊያን ኩባንያ እየተሠራ ነው። ስለዚህ የሕዳሴው የሳይት መዝገብና የዲዛይን ስሌት ለዩኒቨርሲቲዎቻችን ይከፈት፤ ከእንግዲህ በሚፈረም የትልቅ ግድብ ውል ላይም የኢትዮጵያ መሐንዲሶች በዲዛይኑ ቡድን ውስጥ ይግቡ፣ ስሌቱን ሠርተው በስማቸው ይፈርሙ።