ስለ ቤት፣ ስለ ውርስና ስለ ንግድ ውል በላንቻ ሰፈር ምሳሌነት የተሰጠ ማስገንዘቢያ

«በቃል ያለ ይረሳል፤ በጽሑፍ ያለ ይወረሳል» ይላሉ አበው። የዚህ ቃል እውነትነት ይልቁንም በቤትና በውርስ ክርክር ይገለጣል። የእርሻ መጽሔት ስለ ከተማ ቤት መጻፉ ለአንባቢ እንግዳ ሊመስል ይችላል። ነገር ግን ገበሬው በሬዎቹን ሸጦ ለልጁ በአዲስ አበባ ቤት ሲገዛ፣ የእህል ነጋዴው በከተማ ሱቅ ሲከፍት፣ አባትም ሞቶ ቤቱ በከተማ ወራሾቹ በገጠር ሲቀሩ፣ ብዙዎች አስቀድመው ምክር የሚጠይቁት የወረዳቸውን ሹም ነው። ስለዚህ አገር የምታስተዳድሩ ሹማምንትና ባለ ይዞታዎች ሁሉ የሚከተለውን ብታስተውሉ ብዙ ቤተ ሰብ ከጥፋት ይድናል።

ላንቻ በአዲስ አበባ ከመስቀል አደባባይ ወደ ደብረ ዘይት በሚወስደው መንገድ በኩል የሚገኝ ሰፈር ነው፤ በ2008 ዓ.ም. ሥራ የጀመረው የከተማው ባቡርም በስሙ የተጠራ ጣቢያ አለው። በዚህ ሰፈር፣ እንደ ሌሎቹ የከተማው የቆዩ ሰፈሮች ሁሉ፣ የግል ቤት፣ የቀበሌ ቤትና የንግድ ቤት ጎን ለጎን ይገኛሉ። ይህም የሆነው የመሬቱ ሕግ በየዘመኑ ስለ ተለወጠ ነው። በ1900 ዓ.ም. ዳግማዊ አፄ ምኒልክ ባወጡት ደንብ የአዲስ አበባን መሬት በግል መያዝና መሸጥ ተፈቅዶ ነበር። በሐምሌ ወር 1967 ዓ.ም. የወጣው አዋጅ ቁጥር 47 ግን የከተማን ቦታ ሁሉና ትርፍ ቤቶችን የመንግሥት አደረገ፤ ለአንድ ቤተ ሰብም አንድ መኖሪያ ቤት ብቻ ተወለት። ኪራያቸው በወር እስከ 100 ብር የነበሩት ቤቶች ለቀበሌ፣ ከዚያ በላይ የሆኑት ለኪራይ ቤቶች አስተዳደር ተሰጡ። የ1987 ዓ.ም. ሕገ መንግሥትም በአንቀጽ 40 መሬት የመንግሥትና የሕዝብ መሆኑን አጸና።

እንግዲህ ቤት እሸጣለሁ ወይም አወርሳለሁ የሚል ሰው ሲቀርብ የመጀመሪያው ጥያቄ «ቤቱ የማን ነው?» የሚል ይሁን። የቀበሌ ቤት ነዋሪ ኪራይ ከፋይ ነው እንጂ ባለቤት ስላይደለ፣ ምንም 40 ዓመት ቢኖርበት ሊሸጠው አይችልም።

1ኛ፤ ስለ ባልና ሚስት። በአዲስ አበባ የሚሠራበት የ1992 ዓ.ም. የቤተ ሰብ ሕግ፣ አዋጅ ቁጥር 213፣ በጋብቻ ዘመን የተገኘ ንብረት በአንዱ ስም ቢመዘገብ እንኳ የግል መሆኑ ካልተረጋገጠ በቀር የጋራ ነው ይላል። የጋራ የሆነውን ቤት ለመሸጥ የሁለቱም ስምምነት ያስፈልጋል። አንዱ ብቻውን ቢሸጥ ሌላው ውሉ እንዲፈርስ ዳኛ ሊጠይቅ ይችላል፤ ነገር ግን ሽያጩን ባወቀ በ6 ወር ውስጥ፣ ቢዘገይም ውሉ ከተደረገ በ2 ዓመት ውስጥ ካልጠየቀ መብቱ ይቀርበታል። ባልዋ ቤቱን መሸጡን የሰማች ሚስት «ሽማግሌ ይታረቀን» እያለች ጊዜውን ማሳለፍ አይገባትም።

2ኛ፤ ስለ ቤት ሽያጭ። በ1952 ዓ.ም. የወጣው የፍትሐ ብሔር ሕግ በቁጥር 1723 የማይንቀሳቀስ ንብረት ውል በጽሑፍ ሆኖ በፍርድ ቤት ወይም ውል ለማዋዋል ሥልጣን ባለው ሹም ፊት እንዲመዘገብ ያዛል። የፌዴራል ጠቅላይ ፍርድ ቤት ሰበር ችሎትም በመዝገብ ቁጥር 21448 ይህንኑ ተርጕሟል። ለምሳሌ ያህል አንድ ገበሬ የዕድሜ ልክ ጥሪቱን በመንደር ውል፣ በሦስት ምስክር ብቻ ለሻጭ አስረከበ እንበል። ዘመን አልፎ የቤቱ ዋጋ እጥፍ ድርብ ሲሆን ሻጩ ወይም ወራሾቹ ውሉ አይጸናም ብለው ይከራከራሉ። የከፈለውን ገንዘብ ቢመልሱለት እንኳ በዚያ ብር ዛሬ በር እንኳ አይገዛበትም። ስለዚህ ገዢ ገንዘብ ከመክፈሉ በፊት ቤቱ በማን ስም እንዳለ፣ ዕዳና እገዳ እንዳለበትም ከመዝገቡ ይጠይቅ፤ ውሉንም በሰነዶች ማረጋገጫ መሥሪያ ቤት ያስመዝግብ።

3ኛ፤ ስለ ውርስ። ሟች ኑዛዜ ካልተወ ልጆቹ ወንድ ሴት ሳይለይ እኩል ይወርሳሉ። ኑዛዜ በግልጽ የሚደረግ ሲሆን በተናዛዡና በ4 ምስክሮች ፊት ይነበባል፤ መነበቡም በራሱ በኑዛዜው ላይ ይጻፋል፤ ሁሉም ወዲያው ይፈርማሉ። «ተነበበ» የምትለው አንዲት ቃል በመጕደልዋ ብቻ የአባት ፈቃድ ሊፈርስ ይችላል። ራሱ በእጁ ጽፎ መናዘዝም ይቻላል፤ ያን ጊዜ ሁሉንም በገዛ እጁ መጻፍ፣ ቀኑን ማኖርና መፈረም አለበት። ወራሽነቴ ይታወቅልኝ ብሎ የሚከስ ሰውም መብቱንና ንብረቱ በሌላ እጅ መግባቱን ካወቀ በ3 ዓመት ውስጥ ካልከሰሰ ተከሳሹ በይርጋ ሊመልሰው ይችላል።

4ኛ፤ ስለ ኪራይና ስለ ንግድ። በ2016 ዓ.ም. የወጣው አዋጅ ቁጥር 1320 የመኖሪያ ቤት ኪራይ ውል በጽሑፍ ሆኖ እንዲመዘገብ፣ ከ2 ዓመትም እንዳያንስ ደነገገ፤ የቅድሚያ ክፍያም ከ2 ወር ኪራይ አይበልጥም። ይህ አዋጅ የተጻፈው ለመኖሪያ ቤት ስለ ሆነ ባለ ሱቅና ባለ ጋራዥ በገዛ ውላቸው ጠንቅቀው ይጻፉ። ወንድማማቾች ገንዘብ አዋጥተው የንግድ ፈቃዱን በአንዱ ስም ብቻ ማውጣታቸውም የተለመደ ስሕተት ነው፤ ስሙ የተጻፈው ወንድም ሲሞት የሌላው ድርሻ ማስረጃ ያጣል። በ2013 ዓ.ም. የወጣው የንግድ ሕግ፣ አዋጅ ቁጥር 1243፣ የማኅበር ዓይነቶችን በየመልኩ ስለ ደነገገ ማኅበራቸውን በጽሑፍ ያቋቁሙ፤ ያስመዝግቡም።

ይህ ምክር ለከተማ ብቻ የሚሆን አይደለም። የገጠር መሬት አይሸጥም፤ ነገር ግን በአማራ ክልል በሚሰጠው የይዞታ ደብተር የባልና የሚስት ስም አብሮ መጻፉ ብዙ መበለት ከመፈናቀል የሚጠብቅ ነው። ስለዚህ ሹማምንት ሁሉ በእድርም፣ በገበያም፣ በስብሰባም ለሕዝቡ ይህን ያስታውቁ፤ ውል ሳይመዘገብ ገንዘብ እንዳይከፈል፣ ባለቤቱ በጤናው ሳለ ንብረቱን በጽሑፍ እንዲያደላድል ይምከሩ። ለማስመዝገብ የሚወጣው ገንዘብና የሚባክነው ቀን፣ ልጆች በአባታቸው ቤት በፍርድ ቤት ደጅ ከሚያጠፉት ዕድሜ ጋር ሲመዛዘን እጅግ ጥቂት ነው።