ስለ ጠበቃ ረዳት ጸሐፊነት ሥራ

ልጆች ትምህርታቸውን ፈጽመው ሥራ ለመምረጥ በደረሱ ጊዜ የወላጆች ዐይን የሚያርፈው በስመ ጥር ሞያዎች ላይ ነው። ሐኪም ትሁን፣ መሐንዲስ ይሁን፣ አንደበቱ የሰላ ነውና ጠበቃ ይሁን ይባላል። ከጠበቃው ክፍል በፊት ባለችው ጠረጴዛ ተቀምጣ ባለጉዳይ የምትቀበለውን፣ መዝገብ የምታደራጀውን፣ ቀጠሮ የምትጠብቀውን ረዳት ግን እንደ ባለሞያ የሚቈጥራት ጥቂት ነው። በዚህ ወር ስለ እርሷ ሥራ ለአንባቢዎቻችን ልንነግር ወደድን። ሥራውን ወንዶችም ሴቶችም ይሠሩታል፤ እኛ ለአነጋገር እንዲመቸን «ረዳቷ» እንላለን።

ቀድሞ ተሟጋች ራሱ ቆሞ ወይም ነገረ ፈጅ አቁሞ ሲከራከር የነገሩ ብርታት በአንደበት ነበረ። የፍትሐ ብሔር ሕግ በ1952 ዓ.ም.፣ የሥነ ሥርዐቱም ሕግ በ1958 ዓ.ም. ከወጡ በኋላ ግን ክሱም፣ መከላከያውም፣ የማስረጃ ዝርዝሩም በጽሑፍ ተሰናድቶ መቅረብ ግዴታ ሆነ። ጠበቆች ለረጅም ዘመን ለየብቻቸው ሲሠሩ ኖረው፣ በ2013 ዓ.ም. የወጣው አዋጅ ቁጥር 1249 በማኅበር ሆነው የጥብቅና ድርጅት እንዲያቋቁሙ ፈቀደላቸው። ብዙ ጠበቆች በአንድ ጣራ ሥር በተሰበሰቡ መጠንም መዝገቡን ሁሉ በሥርዐት የሚይዝ ሰው ማስፈለጉ የማይቀር ነው።

የዚህ ሥራ ዋናው ነገር ምንድን ነው ብንባል ፈጥኖ መጻፍ ነው አንልም፤ ቀን መቍጠር ነው እንላለን። በሥነ ሥርዐቱ ሕግ ይግባኝ የሚቀርበው ፍርዱ ከተሰጠበት ቀን አንሥቶ በ60 ቀን ውስጥ ነው። ፍርዱ የተሰጠው ሐምሌ 20 ቀን ነው እንበል። ችኩል ሰው «60 ቀን ማለት ሁለት ወር ነው» ብሎ መስከረም 20 ቀን በማስታወሻው ላይ ያሰፍራል። ነገር ግን በመካከል ጳጉሜን አለች። ከሐምሌ 10 ቀን፣ ከነሐሴ 30 ቀን፣ ከጳጉሜን 5 ቀን ሲደመር 45 ይሆናልና የቀረው 15 ቀን ብቻ ነው፤ እንግዲህ ጊዜው የሚያልቀው መስከረም 15 ቀን ነው። ዓመቱ ዘመነ ሉቃስ እንደ ሆነ ደግሞ ጳጉሜን ስድስት ስለምትሆን ጊዜው የሚያልቀው መስከረም 14 ቀን ነው። ከቤተ ክርስቲያን ደጃፍ የባሕረ ሐሳብን ነገር የሰማ ሰው ይህ ይገባዋል፤ በፈረንጅ አቈጣጠር ብቻ የለመደ ግን ይስታል።

ቢስትስ ምን ይሆናል? ጊዜው ያለፈበት ይግባኝ የሚከፈተው በቂ ምክንያት ሲገኝ ነው፤ ሕጉም የዘገየው በወኪሉ ወይም በጠበቃው ጥፋት የሆነ እንደ ሆነ ይህን እንደ በቂ ምክንያት አይቀበለውም። ስለዚህ ቤቷን በፍርድ ያጣች አንዲት ባልቴት ምንም እንኳ እውነት ከእርሷ ጋር ብትሆን፣ በአምስት ቀን ስሕተት ምክንያት የሚሰማት ችሎት ልታጣ ትችላለች። ዳኛው አልበደላትም፤ ባላጋራዋም በዚህ በኩል አልበደላትም። የበደላት በሌላ ሰው ጠረጴዛ ላይ የተቀመጠ ማስታወሻ ነው። ብልህ ረዳት የመጨረሻውን ቀን ብቻ ጽፋ አትተውም፤ አሥር ቀን ሲቀረውና ሦስት ቀን ሲቀረው የሚያስጠነቅቅ ሌላ መስመርም በመዝገቧ ታሰፍራለች፤ ጠበቃውን በቃል ካስታወሰችው በኋላም በጽሑፍ ታስታውሰዋለች።

ከቀን ቀጥሎ ሰዓት አለ። ችሎቱ በ3 ሰዓት ሲባል በውጭ አገር የኖረ ባለጉዳይ ከቀትር በኋላ መስሎት ሊቀር ይችላልና፣ «ከጧቱ» የምትለውን አንዲት ቃል መጨመር አይከብድም።

ባለጉዳይን መቀበልም እንዲሁ ቀላል አይምሰለን። ከሥራው የተሰናበተ ሰው መጥቶ «ጠበቃውን ማነጋገር እሻለሁ» ቢል፣ ልምድ የሌላት ጸሐፊ ጠበቃው ባዶ ጊዜ ያለው ከሁለት ሳምንት በኋላ ነው ብላ ትሸኘዋለች። ሞያዋን የምታውቀው ግን አስቀድማ «የስንብት ደብዳቤው መቼ ደረሰዎት?» ትላለች። በአሠሪና ሠራተኛ አዋጅ ቁጥር 1156/2011 መሠረት ወደ ሥራ ለመመለስ የሚቀርብ ክስ በ3 ወር፣ የደመወዝ ጥያቄም በ6 ወር ይርጋ ይታገዳልና። ሰውዬው ስንብቱ 80 ቀን ሆኖት እንደ ሆነ ያን ዕለቱን ጠበቃው ዘንድ መግባት አለበት። ረዳቷ ግን ከዚህ አልፋ «ትረታለህ፣ አትረታም» ማለት አይገባትም፤ የሕግ ምክር መስጠት ፈቃድ ያለው ሰው ድርሻ ነውና። ጥያቄውን ማወቅ ሌላ፣ መልሱን መስጠት ሌላ ነው።

ስም ነገርም ብዙ ያስለፋል። በውርስ ጉዳይ ሟቹ በኑዛዜው ላይ በክርስትና ስሙ፣ በቤቱ ካርታ ላይ በዓለም ስሙ፣ በልጁ የልደት ወረቀት ላይ ደግሞ በቍልምጫ ስሙ ተጽፎ ይገኛል። «ኀይለ ማርያም» አንድ ጊዜ በሁለት ቃል፣ አንድ ጊዜ በአንድ ቃል፣ ፊደሉም አንድ ጊዜ በ«ሀ»፣ ሌላ ጊዜ በ«ኀ» ይሆናል። ይህን ልዩነት ክሱ ከመከፈቱ በፊት አይታ ለጠበቃው የምታመለክት ረዳት የወራት ምልልስ ታስቀራለች። አንባቢዎቻችንም በዚሁ አጋጣሚ በቤታችሁ ያለውን ካርታና ወረቀት አውጥታችሁ ስማችሁን ብታመሳክሩ መልካም ነው።

በአሜሪካ ወይም በዐረብ አገር ያለ ልጅ ለእናቱ የሚልከው ውክልናም በእርሷ እጅ ያልፋል። በዚያው በኢትዮጵያ ኤምባሲ ወይም ቆንስላ የተረጋገጠ፣ እዚህም በውጭ ጉዳይ ሚኒስቴር የታየ መሆኑን ትመለከታለች። በፍትሐ ብሔር ሕጉ ጠቅላላ ውክልና ለማስተዳደር ሥራ እንጂ ቤት ለመሸጥ አይበቃምና፣ «መሸጥ» የሚለው ቃል በግልጽ መጻፉንም ታያለች። ይህን ሳታይ ብትቀበለው ወረቀቱ እንደ ገና ባሕር ይሻገራል።

አሁን ደግሞ ወደ ከባዱ ነገር እንምጣ። በዚህች ጠረጴዛ ላይ የባልና የሚስት ጠብ፣ የወንድማማች የርስት ክርክር፣ የነጋዴው ዕዳ ሁሉ ተዘርግቶ ይታያል። ከተማው ጠባብ ነውና ባለጉዳዩ የጎረቤት ዘመድ ሆኖ ሊገኝ ይችላል። በ1996 ዓ.ም. የወጣው የወንጀል ሕግ በሞያ ምክንያት የታወቀ ምሥጢርን ማውጣት በወንጀል የሚያስጠይቅ አድርጎታል። ሕጉ ባይኖር እንኳ ቡና በሚጠጣበት ላይ «እገሌማ ሚስቱን ሊፈታ ነው» የምትል ረዳት ሥራዋን ያን ጊዜውኑ አጥታዋለች፤ ወሬው እስኪዞር መዘግየቱ ብቻ ነው። ወላጆች ሆይ፣ ልጃችሁ በዚህ ሥራ ስትገባ «ዛሬ ማን መጣ?» እያላችሁ አትጠይቋት።

የባላጋራው ወገን «ለሻይ» ብሎ ጥቂት ብር ሸጎጥ አድርጎ የመዝገቡን ግልባጭ የሚለምንበት፣ ወይም ባለጉዳዩ ራሱ መዝገብ ቤት ላለ ሰው እንድታደርስለት ፖስታ የሚሰጥበት ቀንም ይመጣል። ፖስታውን ሳትነካ መመለስ፣ ለጠበቃውም ያን ዕለት መናገር ያስፈልጋል። ጠበቃው «ምን ቸገረሽ፣ አድርሺለት» የሚል ሰው ከሆነ፣ በእኛ አስተያየት ሌላ ቢሮ መፈለግ ይሻላታል።

ለሥራው ምን ያስፈልጋል? ሳይነቅፉ የሚያነቡት አማርኛ፣ ፈጣን የኮምፒዩተር ጽሕፈት፣ ለውል ሥራ የሚበቃ እንግሊዝኛ። ከዚህ በላይ ከፍ ማለት የምትሻ ነጋሪት ጋዜጣን ማንበብ ትልመድ። የፌደራል ጠቅላይ ፍርድ ቤት የሰበር ውሳኔዎች ከ1997 ዓ.ም. ጀምሮ የበታች ፍርድ ቤቶችን የሚያስገድዱ ናቸውና፣ የታተሙባቸውን ቅጾች በርእስ በርእሳቸው ለይታ የያዘች ረዳት በጠበቃው ዘንድ ዋጋዋ ብዙ ነው። በማታ ሕግ ተምረው ጠበቃ የሚሆኑ አሉ፤ ነገር ግን ሁሉ ጠበቃ ይሁን ማለት ልክ አይመስለንም። የቢሮውን ሥራ ሁሉ በእጇ ይዛ ዐዳዲሶቹን የምታሠለጥን ረዳት መሆንም በራሱ ሙሉ ሞያ ነው።

ረዳታቸውን የቤታቸውን አስቤዛ የሚያስገዙ፣ ልጆቻቸውን ከትምህርት ቤት የሚያስመልሱ ጠበቆች አሉና፣ ሲቀጠሩ የሥራውን ዝርዝር በጽሑፍ መጠየቅ ነውር የለበትም። በዚያው በአዋጅ 1156 ውሉ በጽሑፍ ካልተደረገ አሠሪው በ15 ቀን ውስጥ የተፈረመ መግለጫ ይሰጣል፤ የሙከራ ጊዜ ከ60 የሥራ ቀን አይበልጥም፤ መደበኛው ሥራ በቀን ከ8 ሰዓት፣ በሳምንትም ከ48 ሰዓት አያልፍም፤ የወሊድ ፈቃድም ከመውለድ በፊት 30፣ ከወለዱ በኋላ 90 የሥራ ቀን ነው። ወረቀቱን ተቀብላ አንዱን ቅጂ በቤቷ ታስቀምጥ።