የቀዳዳው ትክክለኛ ቦታ ወዴት ነው?

አሥር ጊዜ ለክተህ አንድ ጊዜ ቁረጥ የሚለው መልካም ምክር ነው። ነገር ግን ሺህ ጊዜ ቢለካም ፍጹም ልክ የሆነ ብረት ከሰው እጅም ሆነ ከመኪና አይወጣም። የመሐንዲሱ ንድፍ 50 ሚሊሜትር ቢል፣ የተሠራው ዕቃ ከ50 በጥቂቱ ይበልጣል ወይም ያንሳል። ስለዚህ ንድፍ አውጪው ልኩን ብቻ ሳይሆን ምን ያህል ስሕተት እንደሚፈቀድም ጨምሮ መጻፍ አለበት። ይህም የተፈቀደ ስሕተት በሞያው ቋንቋ ቶለራንስ ይባላል።

በአንድ የብረት ክዳን ላይ ቡሎን የሚገባበት ቀዳዳ አለ እንበል። በቀድሞው ልማድ ንድፉ፣ የቀዳዳው ማእከል ከግራው ጠርዝ 50፣ ከታችኛው ጠርዝ 30 ሚሊሜትር ይራቅ፤ በያንዳንዱም 0.1 ቢበልጥ ወይም ቢያንስ ይፈቀዳል ይላል። ይህን በወረቀት ላይ ብንስለው፣ ማእከሉ እንዲያርፍበት የተፈቀደው ስፍራ ጎኑ 0.2 ሚሊሜትር የሆነ እኩል አራት ማዕዘን ይሆናል።

አንባቢዎች ሆይ፣ እዚህ ላይ ልብ በሉ። ወደ ማዕዘኑ የሳተ ቀዳዳ ከትክክለኛው ነጥብ 0.14 ሚሊሜትር ርቆ ሳለ ያልፋል፤ በቀጥታ ወደ ቀኝ 0.12 ብቻ የሳተው ግን ይጣላል። ክቡ ቡሎን ስሕተቱ ወደየት እንዳዘነበለ አያውቅም፤ የሚያስቸግረው ርቀቱ ነው። ታዲያ የባሰው አልፎ የተሻለው መጣሉ ምን ዐይነት ፍርድ ነው?

ይህን ነገር አስተውሎ መፍትሔ ያመጣው ስታንሊ ፓርከር የተባለ ሰው እንደ ሆነ ይነገራል። ፓርከር በስኮትላንድ ውስጥ አሌክሳንድርያ በምትባል ከተማ፣ ለባሕር ኃይል ቶርፒዶ በሚሠራ የመንግሥት ፋብሪካ ሠራተኛ ነበር። እንደ አውሮፓውያን አቆጣጠር በ1938 ዓ.ም. ያቀረበው ሐሳብ፣ ለማእከሉ የሚፈቀደው ስፍራ ክብ ይሁን የሚል ነበር። የአራት ማዕዘኑን አራቱን ጫፎች ነክቶ የሚዞር ክብ ቢሣል፣ ስፋቱ ከአራት ማዕዘኑ በ57 በመቶ ይበልጣል። ቡሎኑ እንደ ቀድሞው ይገባል፤ ያለ በደል ይጣል የነበረው ዕቃ ግን ይተርፋል።

ዛሬ ይህ አሠራር አይ.ኤስ.ኦ. 1101 በተባለው ዓለም አቀፍ ደንብ ውስጥ ይገኛል። በንድፉ ላይ በክፍል በክፍል የተከፈለች ትንሽ ሣጥን ብታዩ፣ በመጀመሪያው ክፍል ያለው ምልክት የሚጠበቀውን ነገር ያሳያል፤ መስቀለኛ መሥመር ያለበት ክብ ከሆነ ስለ ቦታ ይናገራል። ሁለተኛው ክፍል የተፈቀደውን መጠን ይሰጣል። ቀጥሎ ያሉት ፊደሎች ልኬቱ ከየትኛው ገጽ እንደሚነሣ ይነግራሉ።

እንግዲህ ንድፍ በእጃችሁ ሲገባ ሦስት ነገር ጠይቁ፤ ምን ያህል ተፈቀደ? በምን ቅርጽ? ከወዴትስ ተነሥቶ ይለካል? እነዚህ ግልጽ ሆነው ከተጻፉ ሠሪውና ተቆጣጣሪው የሚጣሉበት ምክንያት ይቀንሳል፤ የድካም ፍሬ የሆነው ደኅና ዕቃም ከውዳቂ ብረት ጋር አይደባለቅም።