በሩ ላይ የቀረው ማን ነው?

“የመሥሪያ ቤት ለውጥ” ሲባል በእኔ ዕድሜ ያለ የአዲስ አበባ ሠራተኛ መጀመሪያ ትዝ የሚለው ቢፒአር ነው። በ1990ዎቹ ማብቂያ ላይ የመንግሥት መሥሪያ ቤቶች “መሠረታዊ የሥራ ሂደት ለውጥ” እያሉ ግድግዳ ሲያፈርሱ፣ መስኮት ሲያበዙ፣ የሥራ መደብ ሲያጥፉ የነበረበትን ጊዜ የሚረሳ የለም። ቀጥሎ ቢኤስሲ መጣ፤ እ.ኤ.አ. በ2011 ደግሞ የኢትዮጵያ ካይዘን ኢንስቲትዩት ተቋቋመ። ስሙ ይለዋወጥ እንጂ ጥያቄው ተቀራራቢ ነበር፦ ይህ ጉዳይ ስንት ቀን ይፈጃል? እንዴትስ ያጥራል? መልካም ጥያቄ ነው፤ አንዳንድ ቦታም ፍሬ አፍርቷል።

በዚያው ዘመን ግን ብዙ ጫጫታ ሳያሰሙ ሌላ ጥያቄ ይዘው የሚዞሩ ባለሙያዎች ነበሩ። የእነርሱ ጥያቄ ከመስኮቱ ፊት ስለተሰለፈው ሰው አልነበረም። ወደ መስኮቱ ጭራሽ መድረስ ያልቻለው ማን ነው? የሚል ነበር።

እኔ የምኖረው ንፋስ ስልክ ላፍቶ፣ መካኒሳ ነው። ከሳር ቤት በብሥራተ ገብርኤል አድርጎ እስከ ለቡ ድረስ ቪላ ቤት ተከራይተው የሚሠሩ ማኅበራትና አማካሪ ድርጅቶች ቁጥራቸው ቀላል አይደለም። በራቸው ላይ “አካታች”፣ “ማኅበራዊ ፍትሕ”፣ “የአቅም ግንባታ” የሚሉ ቃላት ተጽፈዋል። ጎረቤቶቼ “ለመሆኑ እነዚህ ሰዎች ቀኑን ሙሉ ምን ይሠራሉ?” ብለው ሲጠይቁ ሰምቻለሁ። ጥያቄው ተገቢ ነው። እነሆ በቅርበት የማውቀውን ያህል ላስረዳ።

ከሁሉ የሚሻለው ምሳሌ የኢትዮጵያ የአካል ጉዳተኝነትና ልማት ማዕከል ነው፤ ብዙዎች ኢሲዲዲ በሚለው ምኅፃሩ ያውቁታል። እ.ኤ.አ. በ2005 ሲቋቋም ከመሥራቾቹ አንዷ ወይዘሮ የትነበርሽ ንጉሤ ነበረች። ወሎ፣ አማራ ሳይንት ተወልዳ በአምስት ዓመቷ የዓይን ብርሃኗን ያጣች፣ ሻሸመኔ በሚገኘው የዓይነ ስውራን አዳሪ ትምህርት ቤት የተማረች፣ በኋላም ከአዲስ አበባ ዩኒቨርሲቲ በሕግ የተመረቀች ሴት ናት። ዓይነ ስውር ባትሆን ኖሮ በልጅነቷ ትዳር ይጠብቃት እንደነበርና ለትምህርት ያበቃት ያው የተባለላት “መዓት” እንደሆነ ራሷ ደጋግማ ተናግራለች። እ.ኤ.አ. በ2017 “ተለዋጭ ኖቤል” እየተባለ የሚጠራውን የራይት ላይቭሊሁድ ሽልማት ከተቀበሉት አንዷ ሆናለች። ሽልማቱን ከእርሷ በፊት በእንዶድ ምርምራቸው የሚታወቁት ዶክተር አክሊሉ ለማና ባልደረባቸው፣ ዶክተር መላኩ ወረደና ዶክተር ተወልደ ብርሃን ገብረ እግዚአብሔር ተቀብለውታል። (ስሟን ልብ ይሏል፤ የትነበርሽ! ለመሥሪያ ቤቶቻችን የሚቀርብ ጥያቄ ይመስላል።)

የአካል ጉዳተኞች ማኅበራት በአገራችን አዲስ አይደሉም፤ የዓይነ ስውራን ብሔራዊ ማኅበር ከንጉሡ ዘመን ጀምሮ ያለ ነው። ማኅበር ግን አባላቱን አሰባስቦ ድምፃቸውን ያሰማል። እንደ ኢሲዲዲ ያለው ማዕከል የተለየ የሚያደርገው ወደ ሌላው ቤት መሄዱ ነው። ወደ ማሠልጠኛ ተቋሙ፣ ወደ ውኃ ፕሮጀክቱ፣ ወደ ብድርና ቁጠባ ድርጅቱ ይሄድና “ለአካል ጉዳተኞች የተለየ ፕሮጀክት አትክፈቱ፤ ያላችሁን ሥራ እነርሱንም የሚጨምር አድርጉት” ይላል። በቢሮ ቋንቋ አካቶ ትግበራ የሚባለው ይኸው ነው። ማዕከሉ በአዲስ አበባ ከሚገኙ አገልግሎት መስጫዎች የትኛው ለአካል ጉዳተኛ እንደሚመች የሚያሳይ መመሪያ እስከ ማሳተም ደርሷል።

ሥራው በተግባር የሚጀምረው በሜትር ነው። መግቢያ በሩ ስንት ሴንቲ ሜትር ይሰፋል? ዊልቸር እንዲያልፍ ቢያንስ 80 ያስፈልጋል። ደጃፉ ላይ ሦስት ደረጃ አለ እንበል፤ እያንዳንዱ 15 ሴንቲ ሜትር ቢሆን በድምሩ 45 ይሆናል። በተለመደው መለኪያ ለአንድ ሴንቲ ሜትር ከፍታ 12 ሴንቲ ሜትር ርዝመት ያለው መወጣጫ ይሠራል። ስለዚህ ለእነዚያ ሦስት ደረጃዎች 5 ሜትር ከ40 የሚረዝም መወጣጫ ግድ ይላል ማለት ነው። እስቲ ሰፈራችሁ ውስጥ አዲስ የተሠራ ሕንፃ ደጃፍ ላይ ቆማችሁ ተመልከቱ። እኔ ለቡና ጀሞ አካባቢ ያየኋቸው አንዳንድ መወጣጫዎች ሁለት ሜትር እንኳ አይሞሉም። ሰው ሊወጣባቸው ቀርቶ የቢራ ሣጥን የጫነ ጋሪም ያንሸራትታሉ። “ለአካል ጉዳተኞች የሚመች” በሚለው መጠይቅ ላይ ግን “አዎ” ተብሎ ተሞልቶባቸዋል።

ሕጉ ጠፍቶ አይደለም። በ2000 ዓ.ም. የወጣው አዋጅ ቁጥር 568 በቅጥር የአካል ጉዳተኛን ማግለል ከልክሏል፤ በአድልዎ ክስ የማስረዳት ሸክሙንም ወደ አሠሪው አዙሮታል። በ2001 ዓ.ም. የወጣው የሕንፃ አዋጅ በአንቀጽ 36 የሕዝብ መገልገያ ሕንፃዎች መግቢያቸውም መፀዳጃቸውም ለአካል ጉዳተኞች የተመቸ እንዲሆን ደነገገ። በ2002 ዓ.ም. ደግሞ አገሪቱ ዓለም አቀፉን ስምምነት አፀደቀች። የጎደለው ሕጉን ወደ ደጃፍ የሚያወርድ ሰው ነው። አማካሪዎቹ የሚገቡትም እዚህ ክፍተት ውስጥ ነው።

ሌላው ሥራቸው ቆጠራ ነው፤ እንደ ቀላል ይታያል እንጂ አይደለም። የ1999 ዓ.ም. የሕዝብና ቤት ቆጠራ የአካል ጉዳተኞችን ቁጥር ከሕዝቡ ከመቶ አንድ እጅ ገደማ ብቻ አደረገው። የዓለም ጤና ድርጅትና የዓለም ባንክ እ.ኤ.አ. በ2011 ያወጡት ሪፖርት ግን በዓለም ደረጃ ከመቶ 15 ገደማ እንደሆነ ገመተ። ጤናችን ከሌላው ዓለም የተሻለ ሆኖ ነው እንዳንል ኑሯችንን እናውቀዋለን። ልዩነቱን የሚፈጥረው በአብዛኛው አጠያየቁ ነው። “ቤታችሁ አካል ጉዳተኛ አለ?” ተብሎ ሲጠየቅ ማን ደፍሮ አዎ ይላል? ልጁን ጓዳ የደበቀ ወላጅ ለቆጣሪ አያወጣትም። ዛሬ በብዙ አገር የሚሠራበት የዋሽንግተን ቡድን መጠይቅ “አካል ጉዳተኛ” የሚለውን ቃል ጭራሽ አያነሣም። ለማየት፣ ለመስማት፣ ለመራመድ፣ ለማስታወስ፣ ራስን ለመንከባከብ፣ ለመግባባት ይቸገራሉ ወይ? ብሎ ስድስት ጥያቄ ይጠይቃል፤ መልሱም በደረጃ ነው። ይህን መጠይቅ ወደ አንድ ድርጅት የሠራተኛ ፎርም ማስገባት የወር ሥራ ላይሆን ይችላል፤ ድርጅቱ ግን እስከዚያ ድረስ “እኛ ዘንድ የሉም” ያላቸውን ሰዎች ያገኛቸዋል።

ከሁሉ የሚከብደው የሰውን አመለካከት መለወጥ ነው። ከጥቂት ዓመታት በፊት የምሠራበት መሥሪያ ቤት ለሁለት ቀን ሥልጠና አስገብቶን ነበር። አሠልጣኙ ዓይነ ስውር ነበር። ከእኛ መካከል አንዱ የክፍል ኃላፊ አስተባባሪዋን ጠጋ ብሎ “እሱ ሻይ በስኳር ነው የሚጠጣው?” ብሎ ጠየቃት፤ አሠልጣኙ ከጎኑ ቆሞ እየሰማው። “ያለ ስኳር ነው፤ ጆሮዬ ደህና ነው” አለ አሠልጣኙ እየሣቀ። ከሁለቱ ቀን ሥልጠና በአእምሮዬ የቀረው ይህ ብቻ ነው ብል ማጋነን አይሆንም። ስላይዱን ማንም ሊያዘጋጀው ይችላል፤ ያንን የሻይ ሰዓት ግን ሌላ አማካሪ ሊሰጠን አይችልም ነበር። የዚህ ዘርፍ ዋና ሀብት ችግሩን ራሱ የኖረ ባለሙያ ነው የምለውም ለዚህ ነው።

አሁን ወደ ፖለቲካው ልለፍ፤ ካልተነሣ ነገሩ አይገባም። በ2001 ዓ.ም. የወጣው የበጎ አድራጎት ድርጅቶችና ማኅበራት አዋጅ ቁጥር 621፣ ከገቢው ከመቶ 10 በላይ ከውጭ የሚያገኝ ድርጅት በሰብአዊ መብት፣ በፆታ እኩልነት፣ በሕፃናትና በአካል ጉዳተኞች መብት ላይ እንዳይሠራ ከለከለ። በዚህ ላይ “ሰባ ሠላሳ” የምንለው ደንብ መጣ፤ ሥልጠናና የአማካሪ ክፍያ እንደ አስተዳደር ወጪ ተቆጠሩ። ውጤቱ ምን ሆነ? “መብት” የሚለው ቃል ከብዙ ድርጅቶች ወረቀት ወጣና “አገልግሎት”፣ “ተደራሽነት”፣ “አካታችነት” ገቡ። ከማኅበራት የለቀቁ ባለሙያዎችም የንግድ ፈቃድ አውጥተው አማካሪ ሆኑ። ይህን እንደ ሽንፈት ብቻ የሚያዩት አሉ። እኔ አልስማማም። ቃሉን የተቀሙ ሰዎች ሥራውን በሜትርና በመጠይቅ ቀጥለውበታል። የጠፋውም ግን ቀላል አይደለም፤ ሜትር ይዞ የሚገባ አማካሪ ደንበኛውን አይከስም። ክፍያውን የሚፈርምለትን ኃላፊ “ሕግ ጥሰሃል” ብሎ የሚጽፍ ስንቱ ነው?

አዋጁ በ2011 ዓ.ም. በአዋጅ ቁጥር 1113 ተተክቶ የመብት ሥራው በር ዳግም ተከፍቷል። አማካሪነቱ ግን አልቀረም፤ እንዲያውም ለጋሾች በየፕሮጀክቱ ሰነድ “አካታችነት” የሚል ምዕራፍ ስለሚጠይቁ ገበያው ደርቷል። እዚህ ላይ ነው የምሰጋው። ቢፒአርም ሲጀመር ጥያቄ ነበረው፤ ሲያልቅ ብዙ ቦታ የቀረው ጥራዝ ነው።

እዚህ መካኒሳ መስማት የተሳናቸው ተማሪዎች ትምህርት ቤት አለ። ተማሪዎቹ ከሰዓት በኋላ ታክሲ እየጠበቁ በእጅ ምልክት ሲጨዋወቱ ማየት የሰፈሩ የዘወትር ትዕይንት ነው። ከእነርሱ አንዷ ነገ ተመርቃ ሥራ ልትጠይቅ ስትሄድ፣ ፈታኙ ክፍል ውስጥ አስተርጓሚ መኖር አለመኖሩን የሚወስነው በሪፖርቱ ምዕራፍ አራት የተጻፈው አይደለም፤ ሪፖርቱ ከገባ በኋላ በጀት ላይ የተቀመጠው ብር ነው። በቅርቡ የእኛ መሥሪያ ቤት ለአማካሪዎች ጨረታ ቢጋር ሲያዘጋጅ ሁለት ነገር አስገብተናል። አንደኛው፣ ቡድኑ ውስጥ አካል ጉዳተኛ የሆነ ባለሙያ በዋና አጥኚነት እንዲኖር ነው። ሁለተኛው፣ የመጨረሻው ክፍያ ሪፖርቱ ሲገባ ሳይሆን ከስድስት ወር በኋላ አማካሪው ተመልሶ የተለወጠውንና ያልተለወጠውን አይቶ ሲጽፍ እንዲለቀቅ ነው። ፋይናንስ ክፍሉ ክፍያው ወደሚቀጥለው የበጀት ዓመት ይዞራል ብሎ እስካሁን አልፈረመም።