የሚመጣና የሚጠፋ ሰዓት

ፈጽሞ የቆመ መሣሪያ ለጠጋኝ አያስቸግርም፤ መቆሙ ይታያልና። አስቸጋሪው ጠጋኙ ሲመጣ ደኅና፣ ሲሄድ በሽተኛ የሚሆነው ነው። ባለፈው ክረምት በወልቂጤ ያጋጠመን ይኸው ነበር።

በአንድ ትምህርት ቤት የተማሪዎችን የቤት ሥራ የሚቀበል በሊኑክስ የሚሠራ ሰርቨር አለ። የኢንተርኔት መስመሩ ስለሚቆራረጥ ሰዓቱን የሚያገኘው ጣሪያ ላይ ከተተከለች የጂፒኤስ አንቴና ነው። አንድ ማታ መብራት ጠፍቶ ተመለሰ። የሰርቨሩ ባትሪ ደክሞ ኖሮ ሰዓቱ ወደ ኋላ ቀረ፤ የሳተላይቱም ምልክት አልመጣም። ስለዚህ ቀድሞ ያስረከበው ኋለኛ፣ ዘግይቶ ያስረከበው ፊተኛ ሆኖ ተመዘገበ። ሁለቱ ጽሑፎች ይመሳሰሉ ስለ ነበር ባለቤቱ «ቀዳህ» ተብሎ ተከሰሰ። እኛ የሥነ ጽሑፍ ተማሪዎች በማያገባን የገባነው በዚህ ምክንያት ነው።

ነገሩ እንዲህ ነው። ሳተላይቶቹ 20,200 ኪሎ ሜትር ያህል ከፍ ብለው እየዞሩ የአቶም ሰዓታቸውን ያሰማሉ። ተቀባዩ የሰማውን ጂፒኤስዲ ለሚባለው ፕሮግራም ይነግራል፤ ጂፒኤስዲ ለክሮኒ ያቀብላል፤ ክሮኒም የሰርቨሩን ሰዓት ያቃናል። ክሮኒ ምንጮቹን ሲዘረዝር «ሪች» የሚል ቁጥር ያሳያል። 377 ከሆነ ያለፉት ስምንት ሙከራዎች ሁሉ ተሳክተዋል፤ 0 ከሆነ አንዱም አልተሳካም፤ በመካከል ያለው መቆራረጥን ያመለክታል።

ተጠርጣሪዎቹ ሦስት ናቸው። አንደኛው ጂፒኤስዲ ነው፤ ጠያቂ ያጣ ሲመስለው ተቀባዩን ማንበብ ይተዋል። ሲነሣ «ሰረዝ ኤን» የሚለው ትእዛዝ ቢሰጠው ግን ሳይጠየቅ ያነባል። ሁለተኛው አንቴናዋና ገመዷ ናቸው፤ የቆርቆሮ ጣሪያ ሰማይን ይጋርዳል፤ ውሃም መጋጠሚያውን ያበላሻል። ሦስተኛው ራሱ ሰማዩ ነው። አገራችን በምድር መግነጢሳዊ ወገብ አጠገብ ስለምትገኝ ፀሐይ ከጠለቀች በኋላ አዮኖስፌር የሚባለው የአየር ክፍል እየታወከ ምልክቱን ያንቀጠቅጠዋል፤ ይህም በመስከረምና በመጋቢት አካባቢ ይብሳል። በአዲስ አበባ የጂኦፊዚክስ ኦብዘርቫቶሪ እ.ኤ.አ. በ1957–58 በዓለም አቀፉ የጂኦፊዚክስ ዓመት ዘመን ሲቋቋም አንዱ ምክንያት ይኸው ለወገቡ መቅረባችን ነበር።

በመጀመሪያ ትእዛዙን አየን፤ ትክክል ነበር። እንግዲህ ጥፋቱ የጣሪያው ነው ወይስ የሰማዩ? በቡታጅራ ተመሳሳይ ተቀባይ ያለው ጓደኛ ስለ ነበረን ሁለታችንም ለዐሥራ አምስት ቀን ቁጥሩን ከነሰዓቱ መዘገብን። ሰማዩ ቢሆን ኖሮ መታወኩ ከምሽት በኋላ በሁለቱም ከተሞች በታየ ነበር። ሆኖም ቡታጅራ 377 እንደ ሆነ ሲቆይ የወልቂጤው ቀንም ሌሊትም ዝናብ በዘነበ ቁጥር ይወርድ ነበር። መጋጠሚያውን ብንፈታው ውሃ ተንጠባጠበ። ገመዱና ባትሪው ተለወጡ።

የሰርቨሩ መዝገብ ደግሞ መብራት የጠፋበትንና ሰዓቱ ወደ ኋላ የተመለሰበትን ነጥብ አስቀምጦ ስለ ነበር ልጁ ከክሱ ነጻ ሆነ። ወንድሞችና እኅቶች፣ በሰዓት ሰውን ከመክሰሳችን በፊት ሰዓቱን ራሱን እንመርምር።